በስም የማይጠሩት ሰባቱ

አማትና ምራት በአንድ ጣሪያ ሥር መኖራቸው ሳያንስ በአንድ ቢሮ፣ ያውም በአንድ ፕሮግራም ላይ እንዲሠሩ ያደረገ ሰው ወይ ጀግና ነው ወይ ጤና የለውም። እዚህ ይህን ያደረገው ባልየው ነው። እናቱ የሚሠሩበት ድርጅት ፕሮግራመር እንደሚፈልግ ሰምቶ ለሚስቱ ነገራት፤ ነግሯት ዞር ሲል በክርኑ የሻይ ብርጭቆ ጥሎ ሰበረ። ዕቃ ሳይሰብር የሚያሳልፈው ሳምንት ስለሌለ ቤት ውስጥ ስሙ «ሰባሪው» ነው።

ድርጅቱ ለሆስፒታሎች የኦክስጅን ማሽን ይሠራል። ማሽኑ በሕመምተኛው ራስጌ ቆሞ ከክፍሉ አየር ውስጥ ኦክስጅኑን እየለየ በቱቦ ይሰጣል። ሆዱ ውስጥ ከርነል የሚባል ፕሮግራም አለ፤ ማሽኑ ሲበራ ከሁሉ ቀድሞ የሚነሣ፣ ለሌሎቹ ፕሮግራሞች ቦታና ተራ የሚያድል፣ የቤቱ እማወራ ማለት ነው። ይህን ከርነል ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው የጻፉት አማትየዋ ናቸው።

ቢሮ ውስጥ «እትዬ በየቦታው» ይሏቸዋል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና በዚህ ስም መጠራታቸውን የማያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። ስሙን ያወጣ ሰው ግን አልተሳሳተም። ጠረጴዛቸው ላይ እርሳሶቹ በቁመታቸው ይሰለፋሉ፤ መቀሱ የሚተኛበት ቦታ በእርሳስ ተከቦ ተሥሏል። ቤትም ያው ናቸው። የማድ ቤቱ መደርደሪያ ሁሉ በእጅ ጽሑፋቸው ወረቀት ተለጥፎበታል፤ «ዘወትር»፣ «ለማብሰያ»፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ «ለእንግዳ»።

ምራቲቱን የሚያንገበግባት ይኸው «ለእንግዳ» የሚለው ነው። አግብታ ስትመጣ ከአባቷ ቤት ይዛ የወጣችው አንድ ሰማያዊ የሸክላ ኩባያ ነበር፤ አባቷ በሕይወት ሳሉ በየማለዳው ሻይ የሚጠጡበት። በማግስቱ ስትነሣ ኩባያው ከእንግዳ ዕቃዎች መሃል ቁጭ ብሎ አገኘችው። ጠጥታበት፣ አጥባ፣ «ዘወትር» በሚለው ላይ ብታኖረው እንኳ ማታውኑ ተመልሶ እንግዳው ላይ ይወጣል። አማትየዋ ምንም አላሉም፤ እሷም አልጠየቀችም። ሁለት ዓመት ሙሉ «ገና እንግዳ ነኝ ማለት ነው» እያለች፣ ሆድ ይፍጀው ብላ ዝም አለች።

ሥራቸውን ስታይ ግን ቂሟ ሁሉ ይረሳትና እጇን አፏ ላይ ትጭናለች። ሰው የጻፈውን ኮምፓይለር የሚባለው ፕሮግራም ወደ ማሽን ቋንቋ ይለውጠዋል፤ በየቁራጩም ላይ ምልክት፣ ማለትም ስም፣ ይለጥፍበታል። ከዚያ ሊንከር የሚባለው ይመጣና ቁራጮቹን ሰብስቦ በየክፍላቸው ይደረድራል፤ ትእዛዞቹን ከትእዛዝ ጋር፣ የማይለወጠውን መረጃ ለብቻው። ሌላ ዓይነት ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ስለዚህ ድርደራ ሳያስብ ጡረታ ሊወጣ ይችላል። ከርነል የሚጽፍ ግን ማን በየትኛው አድራሻ እንደሚቀመጥ ራሱ ለሊንከሩ ጽፎ መስጠት አለበት። የእትዬ የአደራደር ፋይል ሁለት መቶ መስመር እንኳ አይሞላም። ምራቲቱ መጀመሪያ ያነበበችው ቀን «ይህ ፕሮግራም ነው ወይስ የማድ ቤታቸው መደርደሪያ?» ብላ ለብቻዋ ሳቀች።

ከሁሉ ያስደነቃት የማንቂያዎቹ ነገር ነው። ማሽኑ ኦክስጅን ሲያንስ፣ ቱቦ ሲታጠፍ፣ ሙቀት ሲጨምር የሚጮህባቸው ሰባት ማንቂያዎች አሉት። ሌላ ሰው ቢሆን ሰባቱንም ስም በስም ዘርዝሮ አንድ በአንድ ይጠራቸዋል። እትዬ እንዲህ አላደረጉም። እያንዳንዱ ማንቂያ የትም ይጻፍ የት አድራሻውን አንድ የተለየ ክፍል ውስጥ ያኖራል። ሊንከሩ እነዚህን አድራሻዎች ጎን ለጎን ይደረድርና ከፊታቸው «የማንቂያ መጀመሪያ»፣ ከኋላቸው «የማንቂያ መጨረሻ» የሚል ምልክት ይተክላል። ከርነሉ ስማቸውን አያውቅም፤ ከመጀመሪያው ምልክት ተነሥቶ መጨረሻው እስኪደርስ መንገድ ላይ ያገኘውን ሁሉ በተራ ይጠራል። ነገ ስምንተኛ ቢጻፍ ራሱ መጥቶ ይሰለፋል እንጂ ከርነሉ ውስጥ አንድ ፊደል አይነካም። ምራቲቱ ይህን ስታይ ባሏ እንደዚህች ሴት ካለች እናት ተወልዶ እንዴት ብርጭቆ መያዝ እንዳቃተው ገረማት።

እትዬ ሌላም ልማድ አላቸው። ሊንከሩ ሥራውን ሲጨርስ ማንን የት እንዳስቀመጠና ስንት ቦታ እንደሰጠው የሚዘረዝር «ካርታ» የሚባል ፋይል ያወጣል። አዲስ የፕሮግራሙ ቅጂ ወደ ሆስፒታል ከመውጣቱ በፊት ይህን ካርታ በወረቀት ያትሙታል፤ ስልሳ ሦስት ገጽ። ከዚያ ማስመሪያ ይዘው፣ ቀይ እርሳስ ይዘው፣ መስመር በመስመር ያነቡታል።

«እትዬ ደግሞ የስልክ ማውጫቸውን ይዘው ተቀመጡ» ይላሉ ወጣቶቹ።

«ለሞተ ሰው ስልክ እንዳልደውል ብዬ ነው» ይሉና ገጽ ይገልጣሉ።

ጉድ የፈላው እትዬ የዓይን ቀዶ ሕክምና አድርገው ቤት በዋሉ ጊዜ ነው። ሐኪሙ ለአንድ ወር ማንበብ ከለከላቸው። ምራቲቱ በቀን አራት ጊዜ ጠብታ ታደርግላቸዋለች፤ በሚገባም ታደርጋለች፣ ነገር ግን ከ«ቀና ይበሉ» እና ከ«ጨረስን» በቀር አትናገርም። ቢሮ ደግሞ አዲሱ ቅጂ ሊወጣ ቀን ተቆርጦለት፣ መጠኑ ከማሽኑ ማኅደር በለጠ። ለሊንከሩ «ማንም በስሙ ያልጠራውን ቁራጭ ጣል» የሚል ትእዛዝ አለ፤ እሷም አበራችው። ሊንከሩም ሳይጠሩት አቤት የሚለውን ሁሉ ጠራርጎ ጣለ። ግን አልበቃም። የእትዬ ፋይል ውስጥ አምስት ቦታ ላይ «ኪፕ» የምትል ቃል ተጽፋለች፤ «ማንም ባይጠራው እንኳ ይህን እንዳትጥል» ማለት ነው። ለምን እንደሆነ አጠገቧ የተጻፈ የለም።

ምራቲቱ አንዷን አወጣች፤ ማሽኑ አልነሣም፤ ቶሎ ብላ መለሰቻት። የቀሩትን አራቱን በየተራ አወጣች፤ ማሽኑ በየጊዜው ተነሣ፣ ሠራ። «እንግዲህ አያስፈልጉም» አለች። አንድ ነገር ውስጧን «ጠይቂ» ይላታል። የሚጠየቁት ሰው ቤቷ ውስጥ፣ በአንድ በር ብቻ ተለይተው ተኝተዋል። አልጠየቀችም። ለምን ቢሏት «እንዳላስቸግራቸው» ትል ነበር፤ እውነቱ ግን ኩባያው ነው።

መጠኑ በአንድ አምስተኛ ቀነሰና ቢሮው አጨበጨበላት። የመሞከሪያው ጠረጴዛ ላይ ሰባቱም ማንቂያዎች ጮኹ፤ ምክንያቱም እዚያ የሚጫነው ለሙከራ የሚዘጋጀው ቅጂ ነው፣ እሱ ላይ ደግሞ «ጣል» የሚለው ትእዛዝ አይበራም። ይህንን ማንም ልብ አላለም። ካርታውን የሚያነብም አልነበረም። አዲሱ ቅጂ አርባ ማሽን ላይ ተጭኖ ወጣ።

በአሥረኛው ቀን፣ ዓርብ፣ ሆስፒታል ውስጥ የአንድ ሽማግሌ ቱቦ ከአልጋው ብረት ሥር ገብቶ ታጠፈ። ማሽኑ ዝም አለ። ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል፤ ይህን ያለ ሰው የኦክስጅን ማሽን አጠገብ ተኝቶ አያውቅም። አንዲት ነርስ አንሶላ ይዛ ስታልፍ የሽማግሌው ከንፈር መጥቆሩን አየችና ቱቦውን አቃናች። ሰውየው ተረፉ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ነርሶቹ ሥራ በዝቶባቸው ሳለ አርባውን ማሽን በዓይነ ቁራኛ ይጠብቁ ጀመር።

ሥራ አስኪያጁ ለእትዬ ራሱ ደወለላቸው። ሰኞ ጠዋት በአራት ሰዓት ስብሰባ ጠርቷል። «ከርነሉ አርጅቷል እትዬ፤ የተዘጋጀ እንገዛለን፣ እርስዎም ይረፉ» አላቸው። እትዬ ስልኩን ቦታው ላይ አስቀመጡና ምራታቸውን ጠሩ።

«የወጣውን ቅጂ ካርታ አትሚና አምጪልኝ። እኔ ማየት አልችልም፤ አንቺ ታነቢልኛለሽ።»

እሑድ ከምሳ በኋላ ማድ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ። ሰባሪው ከዕቃ እንዲርቅ ግቢ ውስጥ ብስክሌት እንዲያጥብ ተላከ። እትዬ ጥቁር መነጽራቸውን እንዳደረጉ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ምራቲቱ ማስመሪያውን መጀመሪያው መስመር ሥር አስገብታ ማንበብ ጀመረች። ምልክት፣ አድራሻ፣ መጠን። ምልክት፣ አድራሻ፣ መጠን። እትዬ አንዳንዴ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ አንዳንዴ እሷ ሳታነበው ቀድመው ቁጥሩን ይላሉ። ሁለት ጊዜ ተሳሳቱ ብላ ስትደሰት መስመር የዘለለችው ራሷ ሆና ተገኘች። አንድ ሰው ይህን ሁሉ በጭንቅላቱ ይዞ ሲኖር እሷ ጎን ለጎን ተቀምጣ ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ ኩባያ ስታስብ መክረሟ አሳፈራት።

ሠላሳ አንደኛው ገጽ ላይ ደረሰች። «የማንቂያ መጀመሪያ፤ ሃያ ሺህ አራት መቶ ስምንት» አለች። «የማንቂያ መጨረሻ፤ ሃያ ሺህ አራት መቶ...»

ማስመሪያውን ወደ ላይኛው መስመር መለሰችው።

«ስንት?» አሉ እትዬ።

«ስምንት።»

«ሁለቱም?»

«ሁለቱም ስምንት።»

መጀመሪያውና መጨረሻው አንድ ቦታ ላይ ተተክለዋል። መሃላቸው ማንም የለም። ማንቂያዎቹን በስም የሚጠራቸው ስለሌለ ሊንከሩ ሰባቱንም ጥሏቸዋል፤ ከርነሉም ከመጀመሪያው ተነሥቶ ያኔውኑ መጨረሻው ላይ ይደርስና ሥራዬን ጨረስኩ ይላል። ስህተት የለም፣ ማስጠንቀቂያ የለም።  ምራቲቱን «ኪፕ»ን ያወጣችበት ጣቷ ትዝ አላት።

«ቀጥዪ» አሉ እትዬ።

«አገኘነውኮ እማማ!»

«አንድ ስለተገኘ ካርታ ይታጠፋል? ቀጥዪ።»

የቀሩትን ሠላሳ ሁለት ገጾች በሚንቀጠቀጥ ድምፅ አነበበች። ስትጨርስ እትዬ ዓይናቸውን ሳይገልጡ «አራት ኪፕ ነው የወጣው» አሉ። «ሦስቱን መጣልሽ ደግ አደረግሽ። ለሞተ ነገር ቦታ ይዤ ነው የኖርኩት፤ ስንፍናዬ ነው። አራተኛዋ ናት የምታስፈልገው።»

«ማን እንዳወጣው ማን ነገረዎት?»

«ድምፅሽ ነዋ! በይ አሁን ጠብታዬን አድርጊልኝ፤ ሰዓቱ አለፈ።»

ሰኞ ጠዋት በአውቶቡስ ሲሄዱ ምራቲቱ መንገዱን ሙሉ የምትናገረውን ስታዘጋጅ፣ ስታፈርስ ሄደች። ብትናገር ከሥራ ልትባረር ትችላለች፤ ይህን ካርታ ማንበብ ደግሞ ገና መጀመሯ ነው። ዝም ብትል ደግሞ የእትዬ አሥራ ሁለት ዓመት በእሷ ጥፋት ይጣላል። የስብሰባው ክፍል ውስጥ ስምንት ሰው ተቀምጧል። ሥራ አስኪያጁ የእትዬን ዓይን ጠየቀ፣ ከርነሉ ማርጀቱን ተናገረ፣ ሰው ሊሞትብን ነበር አለ። ይህ የመጨረሻው እንኳ እውነት ነበር።

እትዬ ተነሡ። «ችግሩ ተገኝቷል፤ የአንዲት ቃል ሥራ ነው» አሉ። «ጥፋቱ የኔ ነው። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ቃሏን ጻፍኩና ለምን እንደጻፍኳት ሳልጽፍ ተውኩ። ምክንያቱ ያልተነገረ ነገር አንድ ቀን ትርፍ ይመስላል።»

ሥራ አስኪያጁ እጁን ዘረጋ። «ይኸው እንግዲህ፤ ራሳቸው ካሉ እኔ ምን እጨምራለሁ?»

ምራቲቱ መቼ እንደተነሣች አታውቅም። ያዘጋጀችው ንግግር ሁሉ ጠፍቷል። «ቃሏን ያወጣኋት እኔ ነኝ» አለች። «እትዬ አጠገቤ ክፍል ተኝተው ነበር፤ አንድ በር ነው የሚለየን። ኮርቼ አልጠየቅኳቸውም። ከርነሉ አላረጀም። አሥራ ሁለት ዓመት አንድ ቀን እንኳ መጮህ ባለበት ቦታ ዝም ብሎ አያውቅም፤ ዝም ያሰኘሁት እኔ ነኝ። ትናንት ስልሳ ሦስት ገጽ አነበብኩላቸው፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ጉድለቱን አገኙት። የሚገዛው ከርነል እንዲህ የሚያውቀው ሰው አለው?»

«ያጨበጨብንልሽ ለዚህ ነው?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ለዚህ ነው።»

 እትዬ ጠረጴዛውን በእርሳሳቸው መታ መታ አደረጉ። «ክርክሩ ይቆየን። አሁን ነርሶቹ ቆመው የኛን ማሽን እየጠበቁ ነው። መጀመሪያ ማሽኑ ይጩህ።»

ቃሏ ተመለሰች፣ አዲስ ቅጂ ተሠራ፣ ካርታው ታተመ። እትዬ ማንበብ ስለማይችሉ ገጾቹን ለስምንቱም አከፋፈሏቸውና በተራ ጮክ ብለው ያነቡላቸው ጀመር። ሥራ አስኪያጁም ስምንት ገጽ ደረሰው፤ በሁለተኛው ላይ ተደናቀፈ፣ እትዬ «ከላይ ጀምረህ ድገመው፣ ልጄ» አሉት፣ ደገመው። ከማንቂያ መጀመሪያ እስከ ማንቂያ መጨረሻ ሃያ ስምንት ባይት ቦታ ተገኘ፤ ለአንዱ አድራሻ አራት፣ ለሰባቱ ሃያ ስምንት። ምራቲቱ ቁጥሩን ስትሰማ እንባዋ መጣ።

ከሰዓት በኋላ አዲሱን ቅጂ ማሽኖቹ ላይ ሊጭኑ ሆስፒታል ሄዱ። ለሙከራ ቱቦውን ያጠፈችው ያቺው ሽማግሌውን ያተረፈችው ነርስ ነች። ማሽኑ ክፍሉን የሚሰነጥቅ ጩኸት ጮኸ፤ ሁሉም ጆሮውን ያዘ፣ ሽማግሌው ከአልጋቸው ቀና ብለው «ተዉት፣ ይጩህ!» አሉ። እትዬ ብቻ ጆሯቸውን አልያዙም። ከአንዱ ማንቂያ ወደ ሌላው ባለፉ ቁጥር ዓይናቸውን ጨፍነው አንድ ጣት ያጥፋሉ። ሰባተኛውን ጣት አጥፈው «ሁሉም አሉ» አሉ።

ምራቲቱ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተሰጣት፤ ይገባታልም። ከርነሉ ባለበት እንዲቆይ ተወሰነ። የሙከራው ቅጂና የሚወጣው ቅጂ አንድ እንዲሆኑ፣ ካርታው ካልተነበበ ምንም እንዳይወጣ ሥራ አስኪያጁ በፊርማው አዘዘ። አንባቢዋ ምራቲቱ እንድትሆን የጠየቁት እትዬ ናቸው።

ማታ እራት ሳይቀርብ ሁለቱ ማድ ቤት ተቀመጡ። እትዬ እየተናገሩ ምራቲቱ ከ«ኪፕ» አጠገብ ምክንያቱን ጻፈች፦ «እነዚህን በስም የሚጠራቸው የለም፤ በተራ ነው የሚጠሩት። ይህች ቃል ከወጣች ማሽኑ ዝም ይላል፣ ሰው ይሞታል።»

«ሌላም ምክንያቱን ሳልናገር ያስቀመጥኩት ነገር አለ» አሉ እትዬ፤ ወደ ላይኛው መደርደሪያ በአገጫቸው እያመለከቱ። «ኩባያሽ።»

ምራቲቱ ወደ መደርደሪያው ቀና አለች።

«የመጣሽ ዕለት በሹራብ ጠቅልለሽ ደረትሽ ላይ አቅፈሽው ስትገቢ አየሁ። ልጄን ደግሞ አውቀዋለሁ። እዚህ ቤት እጁን የማይሰድበት መደርደሪያ ያ ብቻ ነው፤ የእንግዳ ዕቃ እንዳይነካ ቆንጥጬ ነው ያሳደግኩት።»

«እኔኮ ሁለት ዓመት ሙሉ እንግዳ ነሽ ያሉኝ መስሎኝ...» አለችና ቀሪው በልቅሶና በሳቅ መሃል ጠፋ።

«አልጠየቅሽኝም።»

«አልነገሩኝም!»

«እሱን ነው የምልሽ» አሉና እጇን ያዙ። «ይቅር በይኝ፣ ልጄ። ከእንግዲህ ምክንያቱን እናገራለሁ፤ አንቺም ጠይቂኝ።»

በዚህ መሃል ሰባሪው ከግቢ ገባ። ውሃ ጠምቶታል፤ የዘወትሩ ዕቃ ሁሉ አልታጠበም። ዓይኑ ላይኛው መደርደሪያ ላይ ሰማያዊውን ኩባያ አየና፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ያልሞከረውን፣ እጁን ሰደደ።

«አትንካ!»

ሁለቱ ሴቶች እኩል ጮኹ። ሰባሪው ደንግጦ ክንዱን ሲሰበስብ ክርኑ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ የነበረውን የሻይ ብርጭቆ መታው፤ ወድቆ ተሰበረ። ኩባያው ግን ከቦታው አልተነቃነቀም።